እርማት፦ «ወባ ደጋ አይወጣም» ስለሚባለው

ጋሼ፣ «አቃቂ ብርድ ነው፤ ወባ የቆላ በሽታ እንጂ የእኛ አይደለም» ብለው የጻፉት ግማሹ እውነት ነው። እዚህ የምናየው ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ቆላ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። ስሕተቱ ብርዱን እንደ ግንብ መቁጠርዎ ነው።

ብርዱ የሚያግደው ትንኟን ብቻ ሳይሆን በሆዷ ያለውን ጥገኛ ተሕዋስ ጭምር ነው። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋስ እድገቱ እጅግ ስለሚንቀረፈፍ፣ እሱ ሳይደርስ እሷ ትሞታለች። አየሩ ጥቂት ሲሞቅ ግን ተሕዋሱ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደብረ ዘይት አካባቢ ይህንኑ አሳይቷል፦ በሞቃት ዓመታት ወባው ወደ ከፍታው ወጥቷል። ደብረ ዘይት ደግሞ ከአቃቂ ምን ያህል ይርቃል?

በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል ይበቃታል። ባለፈው ሳምንት የግቢያችንን በርሜል ስከፍት እጭ ሞልቶታል። ጭራቸውን ሽቅብ፣ ራሳቸውን ቁልቁል አድርገው ተንጠልጥለው ነበርና የወባ ትንኝ አይደሉም፤ የወባዋ እጭ ውኃው ላይ ጋደም ብላ ነው የምትታየው። እስቲ የእርስዎንም ክዳን ከፈት አድርገው ይዩት።