የነዳጅ መኪና መታገዱ ልክ ነበር?

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። እገዳውን የምትደግፍ የኃይል መሐንዲስና የሚቃወሙ የጋራዥ ባለቤት ተጻጽፈዋል።

መሐንዲሷ፦ የዘገየ ውሳኔ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ከጅቡቲ በቦቴ ይጓጓዛል፤ ዋጋውን የሚቆርጡልን ሌሎች ናቸው። መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከወንዝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። የድንጋይ ከሰል በሚነድበት አገር የኤሌክትሪክ መኪና ጭሱን ከመንገድ ወደ ማመንጫ ጣቢያ ያዛውረዋል ይባላል፤ እዚህ የሚዛወር ጭስ የለም። መንግሥትም በ2014 ዓ.ም. ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ አድርጎታል። የመሙያ ጣቢያ እጥረት የሚባለው የተጋነነ ነው፤ ማታ ቤት ገብቶ ሶኬት ላይ መሰካት ነው።

ባለ ጋራዡ፦ «ማታ ቤት ገብቶ መሰካት ነው» አልሽ፣ ልጄ? የማን ቤት? አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ተከራይ እንደሆነ አይጠፋሽም። አከራዩ እኮ በአንድ ቆጣሪ ለአራት ቤት መብራት የሚያድል፣ ምጣድ የሚጣድበትን ቀን ለይቶ የሚነግር ሰው ነው። እሱ ግቢ ውስጥ መኪና ሰክቼ ልተኛ? የኮንዶሚኒየሙስ ሰው ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት ገመድ ያውርድ? ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ገና መብራት የለውም። ዓለም ከሚለቀው ጋዝ የእኛ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የማንን ኃጢአት ነው በእኔ ደንበኞች የምታስተሰርዪው?

መሐንዲሷ፦ ልጅዎ አይደለሁም፤ ስለ ሙያዬ የምጽፍ ሰው ነኝ። ስለ ዶላሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አገሪቱ በየዓመቱ ለነዳጅ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ መድኃኒትና ማዳበሪያም የሚገዙት ከዚያው ካዝና ነው። ስለ ዓለም ኃጢአትም አላነሳሁም። ያረጀ ሚኒባስ ዳገት ሲወጣ ከኋላው ቆመው ያውቃሉ፤ ያ ጭስ የሚገባው የእኛው ሳንባ ውስጥ ነው። ለነገሩ የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሚታ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀየርለትም። ጋራዥ ቢከፋው አይገርመኝም።

ባለ ጋራዡ፦ አሁን ገና የሆድሽን ተናገርሽ። ለኪሱ ነው የሚጮኸው ነው ነገሩ። ይሁን፤ እኔም አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም እንጀራችን ነው፣ አላፍርበትም። ግን እንጀራዬ ላይ የመጣሽው ሶኬቱ አልመለስ ስላለሽ ነው። ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ተከራዩ የት ይሰካ? ደግሞስ የታገደው አዲስ የሚገባው እንጂ መንገድ ላይ ያለው መቼ ሆነ! የኔዋ ደንበኛ አሮጌ ቪትዝዋን ድሮ ትሸጣት ነበር፤ አሁን እንደ ወርቅ ይዛታለች። ያቺን የምታጨስ መኪና ዕድሜዋን ያራዘመላት እገዳው ራሱ ነው።

መሐንዲሷ፦ ተከራዩ፣ ተከራዩ! ተከራዩ መኪና ሳይሆን አውቶቡስ ነው የሚጠብቀው። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው የግል መኪና የለውም፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ሌሊት ዴፖው ውስጥ ይሞላል፤ የማንንም አከራይ ቆጣሪ አይነካም።

ባለ ጋራዡ፦ ለካ ስለ አውቶቡስ ነበር የምንከራከረው! እኔ የመጣሁት ስለ መኪና እገዳ ልጽፍ ነው። አውቶቡሱ ቢቀድም ኖሮ ማን ይቃወማችሁ ነበር? ታክስ የተማረለት ግን የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ነው። ድሮም መኪና የነበረው እሱ ነው፤ ዛሬ በቅናሽ ቀየረ። ለተከራዩ ደግሞ ሰልፍ ተመረጠለት፤ ያውም በመሐንዲስ።

መሐንዲሷ፦ «ይቃወማችሁ» የሚሉት እነማንን ነው? መንግሥት አይደለሁም። የታክሱ ምሕረት ለአውቶቡስ ይቅደም ካሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የቤንዚን መኪና መልሶ ማስገባት ግን አንድም አውቶቡስ አይጨምርም። በዚህ ተስማምተናል ብዬ ልያዘው?

ባለ ጋራዡ፦ አልተስማማንም። መጀመሪያ አከራዬን አነጋግሪልኝ።