ሽልማቱ ለአካውንት እስከተከፈለ ድረስ አሸናፊው ቦት ነው

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2024 ሃምስተር ኮምባት የተባለው የቴሌግራም ጌም ለወራት ሲጠበቅ የነበረውን ኤርድሮፕ፣ ማለትም ለተጫዋቾች የሚደረገውን የነፃ ቶከን (ዲጂታል ሳንቲም) እደላ አደረገ። ጌሙ 300 ሚሊዮን ተጫዋቾች አሉኝ ሲል ነበር የከረመው። ቶከን ይገባቸዋል ተብለው የተለዩት ግን 131 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። 2.3 ሚሊዮን የሚሆኑት ደግሞ አጭበርብረዋል ተብለው ታገዱ። እዚህ አገር ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሥራ ቦታ ሳይቀር ስክሪን ሲነካ የከረመ ወጣት ብዙ ነው። የብዙዎቹ ድርሻ ጥቂት ዶላር ብቻ ሆነ። የገዙት የኢንተርኔት ጥቅል እንኳ ያልተመለሰላቸው አሉ።

ንዴቱ ሁሉ ጌሙን በሠሩት ሰዎች ላይ ወረደ። ይገባቸዋልም። አንድ ጉዳይ ግን ብዙ አልተወራም። የሚከፋፈለው ቶከን መጠኑ የተወሰነ ነው። ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች የተመደበው 60 ቢሊዮን ቶከን ነበር። አንድ ሰው ሃምሳ አካውንት ይዞ ሳይነቃበት ካለፈ፣ ሃምሳ ድርሻ ይወስዳል። ያ ድርሻ ከሰማይ አይወርድም። በአንድ ስልክ፣ በአንድ ሲም፣ በገዛ ጣቱ ከተጫወተው ሰው ላይ ነው የሚቀነሰው።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ሽልማቱ ለአካውንት እስከተከፈለ ድረስ ጌሙን የሚያሸንፈው ቦት፣ ማለትም በሰው ፈንታ በራሱ የሚጫወት ፕሮግራም ነው። ቦቱ የሚያሸንፈው ሕግ ስለጣሰ ብቻ አይደለም። የጌሙ አሠራር ራሱ ለቦት ስለሚመች ነው።

የቴሌግራም ታፕ ጌሞች ምን እንደሚጠይቁ አስቡት። በየቀኑ ግባ፣ ንካ፣ ካርድ አሳድግ፣ ሰው ጋብዝ። ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ከሰው በተሻለ ይሠራዋል። አይሰለችም፣ አይተኛም፣ መብራት ሄደብኝ አይልም። ቀላሉ መንገድ በሰው ጣት ፈንታ ስክሪን የሚነካ ኦቶ ክሊከር ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ጌሙን ጨርሶ ሳይከፍት በቀጥታ ለሰርቨሩ ትዕዛዝ የሚልክ ስክሪፕት አለ። ከዚያም በላይ ስልክ በመደርደሪያ ደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ አካውንት ቁጥር ገዝቶ፣ አይፒ አድራሻውን (የኢንተርኔት መለያ ቁጥሩን) ፕሮክሲ በሚባል መሸጋገሪያ ኮምፒውተር እየለዋወጠ የሚያሠራ ሰው አለ። ይሄ ሰው እየተጫወተ አይደለም። አካውንት እያረባ ነው። የጌሙን ታሪክ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይፈልግም። የሚያውቀው የኤርድሮፑን ቀን ብቻ ነው።

በዚያው በ2024 ክረምት ሃምስተር አዲስ ነገር ጨመረ። ሌሎች ትንንሽ ጌሞችን እየተጫወታችሁ ቁልፍ ሰብስቡ አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። በትክክል ለሚጫወት ሰው ጊዜ ይወስዳል። ብዙም ሳይቆይ ያለ ምንም ጨዋታ ቁልፍ የሚያመነጩ ስክሪፕቶች በነፃ ተለቀቁ። በየቻናሉ ተሰራጩ። ቁጭ ብሎ የተጫወተው ሰው ሞኝ ሆኖ ተሰማው። በእኔ እምነት ከገንዘቡ የከፋው ጉዳት ይሄ ነው። በሐቅ የሚጫወተውን ሰው ያሳፍራል።

ችግሩ ግን በቴሌግራም አልተጀመረም። ወደ አክሲ ኢንፊኒቲ እንመለስ። ስካይ ማቪስ የተባለ የቬትናም ኩባንያ የሠራው ጌም ነው፤ የወጣው በ2018። በ2021 ኮቪድ ሥራ ያሳጣቸው ብዙ ፊሊፒናውያን በዚህ ጌም ኑሯቸውን ይደግፉ ነበር። ያን ጊዜ ለመጀመር አክሲ የሚባሉ ሦስት ዲጂታል እንስሳት መግዛት ግድ ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያወጡበት ጊዜ ነበር። ይህን ማን ይከፍላል? ገንዘብ ያለው ሰው ገዝቶ ለሌላቸው ይሰጣል፤ ከሚያገኙት ይካፈላል። ስኮላርሺፕ ብለው ሰየሙት። ሰጪው ማናጀር፣ ተጫዋቹ ስኮላር ተባለ።

የጌሙ ሕግ አንድ ሰው ከአንድ አካውንት በላይ እንዳይጫወት ይከለክል ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው መቶ አካውንት እንዳይኖረው አይከለክልም ነበር፤ በእያንዳንዱ ሌላ ሰው እስከተጫወተለት ድረስ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። አካውንት ማርባት በይፋ ተፈቀደ ማለት ነው። ቦቱ የሚሠራውን ሥራ ሰው እንዲሠራው ተደረገ። ስኮላሩ የቀን ኮታ ነበረው። ኮታውን ካልሞላ ወንበሩን የሚጠብቅ ሌላ ችግረኛ ወረፋ ላይ ነበር። ይህን ዕድል ብለው የሚያወድሱ ሰዎች ዛሬም አሉ። በችግር ጊዜ የቤት ኪራይ የከፈለለት ሰው እንዳለ አልክድም። ግን መጨረሻውም አብሮ ይነገር።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ የሚያገኘው ኤስኤልፒ የሚባል ቶከን ነበር። ጣሪያ የለውም፤ በተጫወቱት ቁጥር አዲስ ይፈጠራል። ከገበያ የሚወጣው ደግሞ በዋናነት አክሲዎችን ለማዳቀል ሲከፈል ነው። እንግዲህ ማዳቀል የሚፈልገው ማነው? ጌሙን የወደደ ወይም አዲስ ሰው ይመጣል ብሎ ተስፋ ያደረገ። ለትርፍ ብቻ የገባው ኤስኤልፒውን እንዳገኘ ይሸጠዋል። ቦትም እንደዚሁ። የሚፈጠረው ከሚቃጠለው (ከገበያ ከሚወጣው) በብዙ እጥፍ በለጠ። በ2021 ወደ 40 የአሜሪካ ሳንቲም ደርሶ የነበረው ኤስኤልፒ በ2022 መጀመሪያ ወደ አንድ ሳንቲም ወረደ።

በፌብሩዋሪ 2022 ስካይ ማቪስ የአድቬንቸር ክፍሉንና የዕለት ተልዕኮውን የኤስኤልፒ ሽልማት አነሳ። አድቬንቸር ማለት ተጫዋቹ ከሰው ሳይሆን ከኮምፒውተር ጋር የሚገጥምበት ክፍል ነው። ለስክሪፕት ከዚያ የተመቸ ቦታ የለም። ትክክለኛ እርምጃ ነበር፤ ግን ዘገየ። በቀጣዩ ወር ከአክሲ ወደ ሌላ ኔትወርክ ገንዘብ የሚያሻግረው የሮኒን ድልድይ የተባለ ሥርዓት ተሰብሮ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዘረፈ። ብዙ ሰው አክሲን የገደለው ያ ዝርፊያ ይመስለዋል። የኤስኤልፒ ዋጋ ግን ከዝርፊያው በፊት ወድቆ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላም ነገር ሆነ። ሰንፍላወር ፋርመርስ የምትባል ትንሽ የእርሻ ጌም ፖሊጎን በሚባል የብሎክቼይን (በብዙ ኮምፒውተሮች የሚያዝ የጋራ ዲጂታል መዝገብ) ኔትወርክ ላይ ነበረች። ትተክላለህ፣ ታጭዳለህ፣ የሰበሰብከውን ብሎክቼይኑ ላይ ታስቀምጣለህ። ቶከኑ ዋጋ ሲያወጣ ቦቶችና ብዙ አካውንት ያላቸው ሰዎች ጎረፉ። በጃንዋሪ 2022 ኔትወርኩ ተጨናነቀ፤ የአገልግሎት ክፍያውም ናረ። ስለ ጌሟ ሰምቶ የማያውቅ፣ ገንዘብ ለመላክ ብቻ የገባ ሰው የዚያን እርሻ ዕዳ ከፈለ። ሠሪዎቹ በመጨረሻ ሁሉንም ትተው ሰንፍላወር ላንድ በሚል ስም እንደ አዲስ ጀመሩ። ይህን አደንቃለሁ። የተበላሸውን መጠጋገን ሳይሆን ማቆም ድፍረት ይጠይቃል።

አንዳንዶች «ይሄ እኮ ከብሎክቼይን በፊትም ነበር» ይላሉ። እውነት ነው። በተራ የኦንላይን ጌሞች ውስጥ ወርቅ ሰብስቦ በውጭ በዶላር የሚሸጥ ድሮም ነበር። ግን የጌሙ ኩባንያ ያን ጊዜ የወሰደውን እርምጃ እዩ። የእንግሊዙ ጃጌክስ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ላይ ከሩንስኬፕ ጌም የተጫዋቾችን የእርስ በርስ ነፃ ንግድ አነሳ። ዋይልደርነስ በሚባለው ክፍል ተጫዋቾች የሚዋጉበትንም መንገድ ለወጠ። ተጫዋቹ ተቆጣ፣ ብዙ ሰው ጥሎ ሄደ። ሁለቱም የተመለሱት በ2011 ነው። ኩባንያው ተጫዋቹ የሚወደውን ነገር ቆርጦ እስከመጣል የደረሰው ጌሙን ለማዳን ነው።

የብሎክቼይን ጌም ይህን ማድረግ አይችልም። ንግዱ ራሱ ነው የሚሸጠው። «ያገኘኸው የራስህ ነው፣ እንደፈለግክ ሽጠው» ብሎ ነው ሰው የሚጠራው። ንግዱን ቢዘጋው የሚቀረው ጌም ምንድነው? ብዙዎቹን ስትመለከቷቸው ምንም የለም። ያለ ክፍያ አንድ ሰዓት እንኳ አብሯቸው የሚቆይ ሰው አይገኝም።

አሁን ወደ ሠሪዎቹ ልምጣ። ስለ ቦት ሲጠየቁ ሁሌም ተጠቂ ሆነው ይቀርባሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ኢንቨስተር የሚመጣው የተጠቃሚ ቁጥር አይቶ ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በቁጥር ነው። ቶከኑን የሚያገበያዩት ድርጅቶችም ቁጥር ይወዳሉ። ቦትን በመጀመሪያው ሳምንት ማባረር ማለት ቁጥርን መቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ ለወራት ዝም ይባላል። አካውንቱ ሁሉ እንደ ሰው ይቆጠራል፤ በየማስታወቂያው ይጠቀሳል። የክፍያው ቀን ሲደርስ ማጣራት ይጀመራል። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ሠሪው እስኪጠቀምበት ድረስ ብቻ ነበር።

ማጣራቱም ንጹሑን ይነካል። በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ የዶርም ልጆች ከአንድ አይፒ አድራሻ ይወጣሉ። ለማጣሪያው ሶፍትዌር የአንድ ሰው አካውንቶች ሊመስሉ ይችላሉ። ታግዶ አቤት የሚልበት ያጣ ሰው ብዙ ነው። ለማን ይነገራል? ቢሮ የለ፣ ስልክ የለ፣ መልስ የማይሰጥ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ።

መፍትሔው ፓስፖርትና ፊት ማሳየት ነው የሚሉም አሉ። እኔ አያሳምነኝም። እዚህ አገር ፓስፖርት የሌለው ወጣት ስንት ነው? አንደኛ እሱ ይወጣል። አካውንት የሚያረባው ግን የተረጋገጠ አካውንት ከሌላ ሰው ይገዛል፤ ገበያውም አለ። ደግሞ ነገ ሊጠፋ ለሚችል ጌም የፊትህን ምስልና የመታወቂያህን ቁጥር መስጠት ለጥቂት ዶላር የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ፒክስልስ የሚባለው ጌም ሌላ መንገድ ሞከረ። ለእያንዳንዱ አካውንት የዝና ነጥብ ሰጠ። ነጥብህ ዝቅተኛ ከሆነ ገንዘብ ማውጣትና መነገድ አትችልም። ከእገዳ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ገና ከመጀመሪያው ነው የሚሠራው፣ ክፍያው ሲደርስ አይደለም። ቅሬታዬ የቪአይፒ አባልነት በመግዛትም ነጥብ መጨመር መቻሉ ነው። ያኔ ሰው መሆንን የሚያስመሰክረው ኪስ ይሆናል።

እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አስወግድ ነበር፤ ለመደጋገም መክፈልን። ለመንካት፣ ለመግባት፣ ለመጋበዝ ገንዘብ አይከፈል። ክፍያ ካለ ሰው ከሰው ጋር በሚገጥምበት፣ ችሎታ በሚታይበት ውድድር ላይ ይሁን። ያም ቢሆን ቦት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። በሺህ አካውንት ማባዛት ግን ያን ያህል አያዋጣም። በዚህ መንገድ የተጫዋቹ ቁጥር ከመቶ ሚሊዮኖች ወደ መቶ ሺዎች ሊወርድ ይችላል። ይውረድ።

ስለ እኛ ልጆችም ልናገር። በእናቱና በእህቱ ስልክ ሁለት ሦስት አካውንት የከፈተውን ወጣት መደርደሪያ ሙሉ ስልክ ካለው ሰው ጋር አንድ አላደርገውም። ሥራ በሌለበት የተገኘውን ቀዳዳ ነው የሞከረው። ግን እውነቱን ልንገረው። በሦስት አካውንት ከሦስት ሺህ ጋር ተወዳድረህ አታሸንፍም። የምታተርፈው የመታገድ ዕድል ነው።

ከዚያ የባሰም አለ። በጁላይ 2024 ኢሴት የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ ስለ ሃምስተር ኮምባት ያወጣው ጥናት ነበር። ጌሙን በራሱ ይጫወትልሃል ተብለው ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራም ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ከተለቀቁት መሣሪያዎች ውስጥ ሉማ ስቲለር የሚባል መረጃ የሚሰርቅ ፕሮግራም የተደበቀባቸው ተገኙ። ይህ ፕሮግራም የይለፍ ቃልና የክሪፕቶ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ) መረጃ ይሰርቃል። ለጥቂት ዶላር ኤርድሮፕ ብሎ ቦት ያወረደ ሰው ያለውንም ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ በአማርኛ የኤርድሮፕ ቻናል ላላችሁ ሰዎች ጥያቄ አለኝ። ብዙ ሺህ ተከታይ አላችሁ፤ አብዛኛው ገና ተማሪ ነው። ማን እንደሠራው የማታውቁትን ስክሪፕት «በነፃ ውሰዱ» ብላችሁ አትልቀቁ። ብዙ አካውንት መክፈትን እንደ ብልጠት አታስተምሩ። አዲስ ጌም ስታስተዋውቁ ቶከኑ መቼ ይወጣል ከማለታችሁ በፊት ሽልማቱ የሚከፈለው ለምን ሥራ እንደሆነ ጻፉ። በሪፈራል ሊንካችሁ (ሰው በምትጋብዙበት አድራሻ) የምታገኙት ጥቅም ካለ እሱንም ንገሯቸው።