ተጠያቂዋ ስቴፕለር

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥጥር የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ፈጣሪ ይቅር ይበላቸው። እነዚህ ሰዎች ከሥራ ሲለቁ «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ከየክፍሉ ለመልቀም ክሊራንስ ዞረው አያውቁም።

እኔ ቁጥጥርን በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁት ጎረቤቴ ላይ ነው። ጋሼ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ልማት ድርጅት ቅርንጫፍ፣ መዝገብ ቤት 22 ዓመት ሠርተዋል። ፋይል ጠፋ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ዓምና «መዋቅር መጣ» ተባለ። መዋቅር መቼም ዝም ብሎ ይመጣል፤ ማን እንደላከው አይነገርም። ጋሼ ከዚህ በፊት የመጡትን የአሠራር ለውጦች ሁሉ አልፈዋል። ቢፒአርን አልፈዋል። ቢኤስሲን አልፈዋል። ካይዘን ሲመጣም ጠረጴዛቸውን አጽድተው፣ እርሳሳቸውን ደርድረው አልፈዋል። ይሄኛው ግን ስም እንኳ ሳይወጣለት ጠርጎ ወሰዳቸው።

ሐዋሳ ለመዋቅር እንግዳ አይደለችም። የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 የሲዳማ ክልል ሲመሠረት የእሱ ዋና ከተማ ሆነች። በ2015 የደቡብ ክልል በአዳዲስ ክልሎች ሲተካ ቢሮው ሁሉ ሻንጣውን ሸክፎ ወደየከተማው ተሸኘ። እዚህ ከተማ ልጅ ስለ ጅብ ከመስማቱ በፊት ስለ መዋቅር ይሰማል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀነሰ ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ይሰጣል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ። ከ12 ወር ደመወዝ ግን አይበልጥም። ምክንያቱ ቅነሳ ከሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። የጋሼ ደመወዝ 4,800 ብር ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት 4,800። ለቀሪው 21 ዓመት በየዓመቱ 1,600፣ ያ 33,600 ነው። የቅነሳው 9,600። ድምሩ 48,000 ብር። 22 ዓመት ሲጨመቅ የሚወጣው ጭማቂ ይህ ነው።

ሕጉ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይፈጸም ይላል። አሠሪው ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊያስጨምረው ይችላል። ነገር ግን አንዲት ቀዳዳ አለች። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳይመልስ ከቆየ ቀኑ ሊራዘም ይችላል። አዋጁ ስንትና ስንት አንቀጽ አለው። የጋሼ መሥሪያ ቤት በቃሉ የያዘው ይቺን ብቻ ነው።

ክሊራንሱ 14 ፊርማ ይፈልጋል። ጋሼ ዞሩ። ከብድርና ቁጠባ ተፈረመላቸው። ከስፖርት ክለቡም ተፈረመላቸው፤ በሕይወታቸው ኳስ ነክተው አያውቁም። ቤተ መጻሕፍት የሚል መስመርም አለ። ቅርንጫፉ ቤተ መጻሕፍት የለውም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት አለመኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ያንን ለማጻፍ 6 ቀን ፈጀ። እኔ ይህንን ስሰማ ለአገሬ ተስፋዬ ለመለመ። የሌለ መጽሐፍ እንኳ እንዳይሰረቅ የሚጠበቅበት አገር ነው!

አሥራ አራተኛው ፊርማ ንብረት ክፍል ነው። ልጅቷ ካርዱን አገላብጣ፣ «ጋሼ፣ በ1998 በወጪ ደረሰኝ፣ በሞዴል 22፣ የወሰዷት አንዲት ስቴፕለር አለች» አለቻቸው።

ስቴፕለሯ ከተሰበረች 15 ዓመት ሆኗታል። ሲጥሏት ግን ማስወገጃ ኮሚቴ አላቋቋሙም። ጥፋታቸው ይህ ነው።

እንግዲህ በዚያው መዋቅር ሥራ አስኪያጁም ተነሡ። በእሳቸው ዘመን አንድ ጄኔሬተር ተገዝቷል። ግቢው ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ጧት ጧት የጥበቃው ድመት ፀሐይ ትሞቅበታለች። ከዚያ ውጭ የሰጠው አገልግሎት የለም። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው በስልኩ ባትሪ እያበራ ይሠራ ነበር። ሥራ አስኪያጁን ግን ክሊራንስ ዙሩ ያላቸው የለም። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሽኝት ተደረገላቸው። ኬክ ተቆረሰ። ካባ ለበሱ። «በቆይታቸው ላሳዩት ቁርጠኝነት» የሚል በፍሬም የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በሳምንቱ ሌላ መሥሪያ ቤት አማካሪ ሆነው ተመደቡ። መኪናዋም አብራ ተዛወረች።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉ ነበር አባቶች። አባቶች ዝውውር የሚባለውን አላዩም። ዛሬ ተሽሮ የሚቆጭ ሰው ካገኛችሁ ያ ሰው መዝገብ ቤት ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ይህ ነገር አድልዎ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ጥልቅ አሠራር አለበት። ስቴፕለር ኪስ ውስጥ ይገባል። ጄኔሬተር አይገባም። የሚጠረጠረው እንግዲህ ማነው? ደግሞ ቅጹ ላይ «ጄኔሬተር» የሚል መስመር የለም። መስመር የሌለው ነገር አይጠየቅም።

ኦዲትስ? ትሉኝ ይሆናል። ኦዲትማ አለ፤ ደግሞም አይተኛም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ማስረጃ ያልተሟላለት ወጪ፣ ያላግባብ የተከፈለ ውሎ አበል፣ ሁሉም በስሙ ይጠራል። ከዚያ ኃላፊዎች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ። መልሱንም ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ግኝቱን እንደ ግብዓት እንወስደዋለን።» ማዳበሪያም ግብዓት ነው። ግኝቱ በየዓመቱ የሚለመልመው ለዚህ ይመስለኛል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ግኝትን እንደ ቋሚ ሠራተኛ ነው የማየው። በሰዓቱ ይገባል። ዕረፍት አይወጣም። መዋቅር ሲመጣ ጋሼ ይቀነሳሉ፤ ግኝት ከነደረጃው ይደለደላል። አንድ ቀን ይሰናበት ቢባል በአገልግሎት ዘመኑ ብቻ የ12 ወር ጣሪያውን ይነካል። ማን ደፍሮ ያሰናብተዋል? ክሊራንሱስ ከየት ተጀምሮ የት ያልቃል?

ለነገሩ ውጭ አገርም ያው ነው። እንግሊዞች ከሕዝብ ገንዘብ የሚከፈል ስንብት በዛ ብለው ተቆጡ። በፈረንጆቹ ኅዳር 4 ቀን 2020 አንድ ሰው ከሥራ ሲወጣ ከ95,000 ፓውንድ በላይ አይከፈለውም የሚል ደንብ ሥራ ላይ አዋሉ። በየካቲት 12 ቀን 2021 ደንቡን ራሱን አሰናበቱት። 100 ቀን ሠራ። የሙከራ ጊዜውን በቅጡ ሳይጨርስ ያለ ምንም ካሳ ወጣ ምስኪን! ያልታሰበ መዘዝ አመጣ አሉ። ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። የሰሙት ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። «ዘጠና አምስት ሺህ ፓውንድ? ስቴፕለሩንስ መልሰው ነው?» አሉኝ።

የኛ ሕግ በዚህ በኩል ይሻላል፤ አይሰናበትም። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ጀምሮ ኃላፊነቱን ያጓደለ ማንኛውም ኃላፊ ተጠያቂ ይሆናል ይላል። እኔ ይቺን «ይሆናል» እወዳታለሁ። አማርኛ እንዴት ያለ ደግ ቋንቋ ነው! ዳኛ ሲያነባት ግዴታ ናት። ኃላፊ ሲያነባት ደግሞ ምናልባት ናት። ተጠያቂ ይሆናል? ይሆናል። ዝናብም ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ጋሼን አሞራ ገደል ወሰድኳቸው፣ ዓሣ ልጋብዛቸው ብዬ። እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ አሞሮች እንደተለመደው ዓሣ አራጆቹን ከበው ቆመዋል። ሆድ ዕቃ ሲጣል ቀድሞ የደረሰው ይውጣል፣ ያልደረሰውም ሁለት እርምጃ ወደፊት ተጠግቶ ይጠብቃል። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ አማካሪ ናቸው?» አሉኝ። ጉርሻው ትን ብሎኝ መልስ ሳልሰጣቸው ቀረሁ።

ፍርድ ቤት ይሂዱ አልኳቸው። «ለ48 ሺህ ብር ስንት ባጃጅ ልክፈል?» ብለው ፒያሳ ሄዱና አዲስ ስቴፕለር በኪሳቸው ገዙ። ንብረት ክፍል ግን አልቀበልም አለ። የተመዘገበችው ጥቁር ናት፣ ይቺ ሰማያዊ። ያለ ገቢ ደረሰኝ፣ ያለ ሞዴል 19፣ ገቢ አትሆንም። ሞዴል 19 ለመቁረጥ ደግሞ ተተኪ ንብረት መሆኗን ቴክኒክ ኮሚቴ ማረጋገጥ አለበት። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱ አባል ከዋናው መሥሪያ ቤት በውሎ አበል መጣ። የአበሉን መጠን ጠየቅኩ፤ ከስቴፕለሯ ዋጋ ጋር ማወዳደር ነውር ነው ተባልኩ። ኮሚቴው ስቴፕለሯን አያት። ወረቀት አስገብቶ ጠቅ አደረጋት። ሠራች። ቃለ ጉባኤ ተያዘ።

በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ተጠያቂነትን ከማስፈን አኳያ» በሚለው ርዕስ ሥር፣ በሠራተኛ እጅ የነበረ ንብረት ሙሉ በሙሉ ተመላሽ መደረጉ ተጽፏል። አፈጻጸም 100 በመቶ። ጄኔሬተሩ «በሒደት ላይ» ነው።

የጋሼ ገንዘብ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል። ቼኩ ላይ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ ገና አልተመደበም። እስከዚያ የክፍያ ጥያቄያቸው ከ14ቱ ፊርማ ጋር ተያይዞ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ያያያዙት በሰማያዊዋ ስቴፕለር ነው።