አክንባሎና ይቅርታ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለ10 ሰዓት ጥቂት ሲቀረው መሬት ተንቀጠቀጠ። ልኬቱ 5.8 ነበር አሉ። መነሻው ወደ አዋሽ በኩል ነው ቢባልም ደብረ ብርሃን ያለውን አልጋዬንም አልማረው። "እግዚኦ!" እያልኩ ስወጣ ግቢ ውስጥ ብርዱ አነቃኝ። በእጄ አክንባሎ ይዣለሁ። ሚስቴን አልጋ ላይ ትቻት ወጥቻለሁ። ውሻችን መቻል በኔ ጩኸት በርግጎ አጥር ዘሏል። የተመለሰው ሲነጋ ነው።

በ1953 ዓ.ም. የማጀቴን ከተማ ያፈራረሳት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ስለዚህ ፍርሃቴ ምክንያት አለው። አክንባሎው ግን ምንም ምክንያት የለውም።

የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን አማከርኩት። "ውሻውን ያስበረገገው መሬቱ ሳይሆን አንተ ነህ" አለኝ። አንድ ቃል ምረጥ። ረጋ ብለህ ጥራው፤ ሲመጣ ወዲያው ቁራሽ ዳቦ ስጠው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ማሰሪያው በር አጠገብ ይሰቀል። ድመቷ ስትፈራ አልጋ ሥር ስለምትወሸቅ፣ ከአሁኑ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ እየበላች ትልመድ። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ግን እንስሳ እንዳታሳድድ፤ መጀመሪያ የራስህን ጭንቅላት ሸፍን። (በአክንባሎ ይቻል እንደሆን ለመጠየቅ አፈርኩ።)

"በር" የሚለውን ቃል መረጥኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ! ደብረ ብርሃን ላይ "በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ" ሳይባል ሩብ ሰዓት አያልፍም። መቻል በሳምንቱ ሠለጠነ። "በር" በተባለ ቁጥር ከተፍ ይልና ቂጢጥ ብሎ ዳቦውን ይጠብቃል። ለቡና የመጡ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ቀለቡን ሲሰፍሩለት ዋሉ።

"እዚህ ቤት የማይነገር ቃል ይፈለግ" አለች ሚስቴ። ብዙም ማሰብ አላስፈለጋትም። "ይቅርታ" አለች።

እውነቷን ነው። ሁለት ሳምንት ስንለማመድ ማንም በስህተት እንኳ አልተናገረውም።

አንድ የየካቲት ሌሊት ጣሪያው እንደገና ተንቋቋ። ቃሉን ማን ያስታውሳል! ግቢ ቆሜ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ተጣራሁ። መቻል ከአንዳቸውም ጋር አይተዋወቅም፤ ንቅንቅ አላለም። መንቀጥቀጡ ጋብ ሲል ሚስቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ካርቶኑን አቅፋ፣ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ይቅርታ" አለች ረጋ ብላ።

መቻል እየሮጠ መጥቶ እግሯ ሥር ተቀመጠ። እኔ ደግሞ አክንባሎዬን እንደያዝኩ፣

"ለየትኛው?" አልኳት።