እንቁራሪት አልታየም

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያላችሁ። ከከተማው ዳር ረግረጉ ላይ ሊሠራ የታሰበው የመኖሪያ መንደር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው አለቀ። ውጤቱን ልንገራችሁ ወይስ ገምታችሁታል? ገምታችሁታል። «ጉልህ ተጽዕኖ የለውም።»

ጥናቱ ባለፈው ሳምንት እጄ ገባ። 386 ገጽ ነው። አስተያየት ለመስጠት የቀረው ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን። ይህን ክፋት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ዓይናችን እንዳይደክም ታስቦ ነው። ልብ ያለው ሰው ሽፋኑን አይቶ ያስቀምጠዋል። እኔ ልብ አጣሁና አነበብኩት።

እንዴት ያለ ድካም ነው የተደከመው! ሽፋኑ ላይ ቅጠል አለ። ከቅጠሉ ቀጥሎ የምስጋና ቃል አለ። ከዚያ 50 ገጽ ሙሉ ሕግ ተዘርዝሯል፤ የትኛው ከዚህ ሥራ ጋር እንደሚገናኝ ለአንባቢ ተትቷል። የነፋሱ አቅጣጫ በሠንጠረዥ፣ የአፈሩ ቀለም በፎቶ። ገጽ 214 ላይ ስደርስ «ከእርድ በኋላ የሚሰበሰበው ላባ በተዘጋጀለት ጉድጓድ ይቀበራል» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ለካስ አጥኚው ቀደም ብሎ የዶሮ እርባታ አጥንቶ ኖሯል። ኮፒ ፔስት ሲያደርግ ጥቂት ዶሮ አምልጦት ነው። ምን አለበት? ነዋሪዎቹ አንድ ቀን ላባ ቢያበቅሉ ጉድጓዱ ከወዲሁ ታስቦላቸዋል።

ከሁሉም ግን ልቤን የወሰደው ገጽ 131 ነው። እንዲህ ይላል፦ «በተደረገው የመስክ ምልከታ እንቁራሪት አልታየም።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ጥበቧን ግን እዩልኝ። ምልከታው የተደረገው በደረቁ ወቅት ነው። ሰዓቱ እኩለ ቀን። የቆይታው ርዝመት፣ አባሪው ላይ እንደተጻፈው፣ 45 ደቂቃ። ዘዴው «በዓይን በማየት»። ፎቶም ተያይዟል። አጥኚው መኪናው በር ላይ ተደግፎ በእጁ ፀሐዩን እየከለለ ሩቅ ያያል።

እንቁራሪት አብዛኛው በሌሊት የሚወጣ ፍጡር ነው። ዝናብ ሲጥል ይጮኻል፣ ዝናቡ በተወው ኩሬ ይራባል። ኩሬው ሲደርቅ አንዳንዱ ዝርያ ጭቃ ወይም አፈር ስር ገብቶ ቀን እስኪወጣለት ይተኛል። ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች በዝናብ ወራት፣ በሌሊት፣ ደጋግመው ይሄዱና ድምፁን ያዳምጣሉ። አሁን አሁንማ ከኩሬው ትንሽ ውሃ ቀድቶ፣ እንስሳቱ ጥለውት ያለፉትን የዘረመል ርዝራዥ መርምሮ ማን እንደሚኖርበት ማወቅ ተችሏል። ግን ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በሌሊት የሚሄደው እንቁራሪት ማግኘት የፈለገ ሰው ነው። ላለማግኘት ለሄደ ሰው እኩለ ቀን በቂ ነው።

እንዲህ ያለ ዘዴ ለእንቁራሪት ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ትምህርት ቤት ሊፈርስ ነው እንበል። አጥኚው እሁድ ይሄዳል። «ተማሪ አልታየም።» የሌሊት ዘበኞች ሊቀነሱ ነው? በቀን መሄድ ነው፤ አንድም የሌሊት ዘበኛ የለም። ሆስፒታል ሊዘጋ ነው? ከውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ማየት። «ወደ ውስጥ መግባት አላስፈለገም፤ በአጥሩ ላይ የታመመ ሰው አልታየም።» ከዋክብትም ቢሆኑ በቀን ምልከታ ስላልተገኙ ሰማዩ ባዶ መሬት ነው፤ ለሚያለማ ይሰጥ። እኔ ራሴ ዘዴውን ቤቴ ሞክሬዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ዕዳዬን ፈለግሁት። አልታየም። ጉልህ ተጽዕኖ የለውም ብዬ ለባለቤቴ ሪፖርት አቀረብኩ። እሷ ግን ሳይንስ አይገባትም።

እንቁራሪቱ በዚህ አላበቃም። ገጽ 132 ላይ እንቁራሪት ስለሌለ ቦታው ረግረግ ሊባል አይችልም ይላል። ስለዚህ «ወቅታዊ እርጥበት ያለው ሜዳ» ሆነ። ገጽ 140 ላይ «ወቅታዊ» የሚለው ቀርቶ «መጠነኛ እርጥበት» ተባለ። ገጽ 150 ላይ እርጥበቱም የለም፤ «ለልማት ዝግጁ የሆነ ባዶ መሬት» ሆኗል። አንድ ረግረግ በ19 ገጽ ደረቀ። ፀሐይ እንኳ እንዲህ አታደርቅም።

ታዲያ በዚያው ሳምንት የዚያው መንደር የሽያጭ ማስታወቂያ ደረሰኝ። «ውሃ ዳር ይኑሩ!» ይላል። ሸምበቆ አለ፣ ዳክዬ አለ፣ የሚያብረቀርቅ ውሃ አለ። መስኮትዎን ሲከፍቱ የተፈጥሮ ዜማ ይሰማሉ ይላል። የማን ዜማ? በጥናቱ ያልታየው ፍጡር በማስታወቂያው ይዘፍናል! የመንደሩ ዓርማ ላይማ ቁጭ ብሏል፤ አረንጓዴ፣ ፈገግ ያለ፣ ባርኔጣ ያደረገ እንቁራሪት። መንገዶቹም ስም ወጥቶላቸዋል። የሸምበቆ መንገድ፣ የዳክዬ አደባባይ፣ የምንጭ ማቋረጫ። ሸምበቆው ይታጨዳል፣ ዳክዬው ይባረራል፣ ምንጩ ይደፈናል፤ ስማቸው ግን በሰሌዳ ይቀራል። ለሟች ሐውልት ማቆም ድሮም ያለ ነው።

የህዝብ ምክክሩንም ሳላመሰግን አላልፍም። የተጠራው ማክሰኞ ጠዋት በሥራ ሰዓት ነው። ሥራ ያለው ሰው መጥቶ እንዳይረብሽ። በር ላይ ስም ጽፈን ፈረምን። ለመገኘታችን መስሎን ነበር። ጥናቱ ላይ ሳየው ፊርማችን «ፕሮጀክቱን የደገፉ የአካባቢው ነዋሪዎች» በሚል ርዕስ ስር ተቀምጧል። የእኔም አለ። እጅ ጽሑፌ እንዲህ ማማሩን አላውቅም ነበር።

እዚያው አንድ አዛውንት ተነሡ። «ልጄ፣ ይሄ ውሃ እኔ ልጅ ሆኜም እዚሁ ነበር። ቤቱን ስትሠሩበት የት ይሄዳል?» አሉ። «አባባ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይዘነዋል» አላቸው ወጣቱ። በእውነትም ይዘውታል። ገጽ 301፦ «ነዋሪዎች የውሃ አቅርቦት እንዲሻሻልላቸው ፍላጎታቸውን ገልጸዋል።»

አማራጮች የሚባል ምዕራፍም አለ። የትም ሀገር ያለ ደህና ግምገማ ሌላ ቦታ፣ ሌላ አሠራር፣ ጭራሽ አለመሥራትንም ጎን ለጎን ያነጻጽራል። የእኛም አነጻጽሯል። አንደኛው አማራጭ መንደሩን መሥራት ነው። ሁለተኛው በፍጥነት መሥራት ነው። ሦስተኛው አለመሥራት ሲሆን፣ ውጤቱ በሚያስደነግጥ ቃል ተጽፏል፦ «ቦታው ባለበት ሊቀጥል ይችላል።» ኧረ እግዜር ይጠብቀን።

ይህን ሁሉ ያመጡብን ሰዎች የዋሆች ነበሩ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኒክሰን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 የፈረሙት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን «ከመወሰናችሁ በፊት የሚያደርሰውን ጉዳት ጻፉ» የሚል ነበር። አውሮፓ በ1985 የራሷን መመሪያ አወጣች። በ1992 የሪዮ መግለጫ 17ኛው መርህ ነገሩን የዓለም አደረገው። በ2010 ደግሞ አርጀንቲናና ኡራጓይ በድንበር ወንዛቸው ዳር ስላለ የወረቀት ግብዓት ፋብሪካ ሲካሰሱ፣ የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኞች ግምገማ መደረግ ያለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው ብለው ጻፉ። ካባ የለበሱ ዳኞች! «በፊት» ማለት በፊት ማለት እንደሆነ ለማስረዳት!

እኛ ቅደም ተከተሉን አሻሽለነዋል። መሬቱ ይታጠራል፣ ቤቱ በወረቀት ይሸጣል፣ ቅድሚያ ክፍያው ይሰበሰባል፣ ከዚያ በሰከነ መንፈስ ይጠናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ የሚተርት አይጠፋም። ጮኸ እንጂ! 386 ገጽ ጮኸ።

ትልቅ መንደር ጥናት ያስፈልገዋል ከተባለም ዘዴ አለው። መቆራረጥ ነው። ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፣ ምዕራፍ ሦስት፤ እያንዳንዱ ጥናት ከሚጠየቅበት የስፋት ወለል በታች የሆነ ምስኪን ትንሽ ፕሮጀክት። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1999 አየርላንድን ጥናት የሚያስፈልገውን ሥራ ስትለይ የቦታውንና የተቆራረጠውን ድምር ጉዳይ ትታ በስፋት ብቻ ትለካለች ብሎ ፈርዶባታል። መደመር የሚችሉ ዳኞች ያሉበት አገር ለአልሚ አይመችም።

ውሃውን እናስላው፤ ጥናቱ ስላላሰላው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። መንደሩ 30 ሄክታር ጣሪያና አስፋልት ይኖረዋል ተብሏል። አንድ ቀን 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያውና አስፋልቱ ላይ የሚወርደው 15 ሚሊዮን ሊትር ነው። አሥር ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ 1,500 ቦቴ ማለት ነው። ሣርና ዛፍ ያለበት መሬት ከዝናቡ ላይ ላዩን የሚያፈሰው አንድ አሥረኛውን ያህል ነው ይባላል፤ ቀሪውን ያሰርገዋል፣ ወይም ወደ አየር ይመልሰዋል። ሦስት አራተኛው በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ከግማሽ በላዩ ይፈሳል። ረግረጉ እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቅ ነበር። ለዚህ ሁሉ የጥናቱ መልስ አምስት ቃል ነው። «ተገቢ መጠን ያለው ቱቦ ይቀበራል።»

ቱቦው የሚያበቃው ከታች ካለው ሰፈር በላይ ነው። ካርታው ላይ ሰፈሩ የለም። ካርታው እዚያ ሲደርስ ያልቃል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ አፌ ላይ ደረቀ። ምክንያቱም እዚያ ሰው አለ። ሌሊት ልጅ አቅፎ ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ሰው። ከላይ ያለውን ቤት የሚገዛው ሰውም አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ከፍሎ በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው የሚሰነጠቅበት። ይህን ማንም አያውቅም ነበር አትበሉኝ። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ሁሌም አንድ ወጣት ባለሙያ አለ፤ ጫማውን አውልቆ ጭቃው ውስጥ የገባ። በመጀመሪያው ረቂቅ «ቦታው ለመኖሪያ ቤት አይሆንም» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ረቂቅ ላይ «ከፍተኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል» ይሆናል። ሦስተኛው ላይ «ጥንቃቄ ከተደረገ ምቹ ነው»። የታተመው ላይ «ምቹ ነው»። በብዙ አገር አጥኚውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም የሚጠናው ሰው ራሱ ነው። ያቺን «አይሆንም» የሰረዘ እጅ ምን እንደሚሰርዝ ያውቃል። ሌባ ቢያንስ በጨለማ ነው የሚመጣው።

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ቤት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደመር፤ ሰው የሚያድርበት ይፈልጋል። ከማዶ ያሉትን ባለ ሰፊ ግቢ ወገኖቼንም አልረሳኋቸውም። የአዲስ ጎረቤት ወሬ ሲሰሙ በአንድ ሌሊት የእንቁራሪት ወዳጅ ሆነዋል። «ተፈጥሮ ይከበር!» ይላሉ። የቆሙበት ግቢ የዛሬ 20 ዓመት የረግረጉ ሌላኛው ግማሽ ነበር። የእነሱም እንቁራሪት ያኔ አልታየም።

ትናንት ማታ ዘነበ። ሲያባራ ካፖርቴን ደርቤ ወደዚያው ወረድኩ። ችካሉ ተተክሏል፣ ቀይ ሪባን ታስሮበታል። አጠገቡ ባርኔጣ ያደረገው አረንጓዴ እንቁራሪት በትልቅ ሰሌዳ ላይ ፈገግ ብሏል። ጫማዬ ሰጠመ። ከአራቱም አቅጣጫ ድምፅ ነበር፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው የሚቀበል፣ ጆሮ የሚያደነቁር። ከቤት ሲደውሉልኝ ስልኩን አንስቼ የሚሉትን መስማት አልቻልኩም።

ለእውነት ስል ግን ጥናቱን ላስተባብል አልችልም። እየዞርኩ ፈለግሁ። አንድም እንቁራሪት አልታየም። ጨለማ ነበር።