በሐረጎ ቁልቁል አታስሩጡን

ደሴ ላይ ስለ ትልቅ የጎዳና ሩጫ ሲወራ አንድ ሐሳብ አይጠፋም። ከደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ መግባት! 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ ማንም ይጨርሰዋል ይባላል። እኔ ግን በዚህ አልስማማም።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይወረዳል። ቁልቁለት ትንፋሽ አያሳጥር ይሆናል፣ ጉልበትና ጭን ግን ዋጋውን ይከፍላሉ። ልምምድ የሌለው ሰው በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። የዓለም አትሌቲክስ ደንብም በጎዳና ላይ የሚመዘገብ ክብረወሰን እንዲጸድቅ ቁልቁለቱ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል። የኛው ከ20 ሜትር በላይ ነው። እርግጥ እኔና ጎረቤቴ ክብረወሰን አንሰብርም፣ ይሄ ይለፈን።

ዋናው ጣጣ መንገዱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መሐል ባለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ የሚታጠፈው አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ነው። ተሳቢ የጫነ መኪና እዚያ ጥምዝ ላይ ሲያቃስት ያየ ይገባዋል። ግማሽ ቀን ይዘጋ ከተባለ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈላት ወላድ በየት ትምጣ?

ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በ10,000 ሰው ተጀመረ። ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ይሮጥበታል። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚችለው መስቀል አደባባይ ስለሆነ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መሐል የተጨመቀች ከተማ ናት። ፒያሳ ላይ ሁለት ባጃጆች ቆመው ሲያወሩ እንኳ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ ሕዝቡን በአንድ ተኩስ መልቀቅ አይሆንም። በየተራ ይነሳ። እግር ላይ የሚታሰር ቺፕ ካለ ሰዓቱ የሚቆጠረው መነሻውን ከረገጡበት ጀምሮ ነው፣ ኋላ የተነሳ አይጎዳም። ያኔ ሰልፊ የሚያነሳው ከፊት ተገትሮ ሯጩን አያደናቅፍም።

ውሃውስ? አንድ ሩጫ ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ያለው ውሃ ማደያ ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የቀረው የሃይላንድ ክዳን ብቻ ነበር። «አለቀ እኮ ጋሼ» አለኝ ልጁ፣ እሱ ራሱ አፍሮ። ከፊት ያለፉት ሁለት ሁለት አንስተው ግማሹን አናታቸው ላይ አፍስሰውታል። ልጁ ምን ያድርግ? አዘጋጆቹ ውሃውን በተመዝጋቢው ልክ፣ ለአንድ ሰው አንድ ብለው አስበው፣ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድረውታል። ጠረጴዛው ቢበዛ፣ በግራም በቀኝም ቢሆን፣ ለመጨረሻዎቹ የሚሆነው ካርቶን ደግሞ እነሱ ሳይመጡ ባይከፈት ይበቃ ነበር። በጣም የሚጠማው ፀሐይ እስኪወጣ መንገድ ላይ የቆየው ነው።

ቲሸርት፣ ሙዚቃና ሜዳሊያ ደስ ይላሉ። እኔ ግን አንድን ሩጫ የምመዝነው መጨረሻ የገቡት እናት እንዴት ገቡ ብዬ ነው። መጸዳጃ ነበራቸው? አምቡላንስ ከኋላቸው ነበር? ወይስ ባጃጁ ተለቆባቸው በቦይ ጠርዝ ነው የገቡት?

ስለዚህ ለመጀመሪያው ኮምቦልቻን እመርጣለሁ። የደሴ ሰው አይቆጣኝ። ሜዳ ናት፣ 10 ኪሎ ሜትር እዚያው ከተማ ውስጥ አዙሮ መሮጥ ይቻላል። ሙቀቱ ስላለ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሳ። እሁድ ከሆነ ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው በየት እንደሚሻገር ቀድሞ ይታሰብ። መንገዱ ስንት ሰዓት ለመኪና እንደሚከፈትም የመሮጫ ቁጥራችን ጀርባ ላይ ይጻፍልን። ቀስ ብዬ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ልወቀው።