የትሪው ፊት አርበኞች

ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት በሐዋሳ ኤርፖርት ፍተሻ ሰልፍ ላይ የቆመ ሁሉ ባለውለታዎቻችንን ያውቃቸዋል። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ሰልፉን ያለ እነሱ ማን ያረዝምልን ነበር?

ግማሽ ሰዓት ሲቆሙ ቀበቶ መፍታት ነውር ነው። ቀበቶ የሚፈታው ትሪው ፊት ነው። በሩ ሲጮኽ ሳንቲም ይወጣል፤ ዳግም ሲጮኽ ሰዓት፤ ሦስተኛው ላይ የጫማው ብረት እንደሆነ ይገለጣል። ማሰሪያው ደግሞ ድርብ ቋጠሮ ነው።

የሁሉም አለቃ ግን ባለ ቅቤው ነው። በቦሌ አድርጎ ባሕር ማዶ ላለች እህቱ ይዞ የሚሄደው ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ በሃይላንድ፣ ሃይላንዱ በፌስታል፣ ፌስታሉ በፌስታል፣ ከላይ ስኮች፣ ከስኮቹ በላይ ነጠላ፣ ከዚያ የእጅ ሻንጣው ሥር፣ ከሽሮው በታች። ምን ያለ ጥንቃቄ! ኤክስሬዩ ቅቤንም ማርንም ብርቱካናማ አድርጎ ያሳያል፤ ፈንጂም የሚወጣው በዚያው ቀለም ነው። ስለዚህ ይፈታል። ነጠላው ይፈታል፤ የስኮቹ ጫፍ ይጠፋል፤ በጥፍር ይፈለጋል፤ በጥርስ ይሞከራል።

«ጋሼ፣ ይሄ ፈሳሽ ነው።»

«የረጋ ነው እኮ! እንካ ቅመሰው!»

የረጋም የቀለጠም ለሕጉ ያው ነው፤ ወደ ውጭ ለሚሄድ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ አያልፍም። የሚለካውም ዕቃው ነው፤ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አንድ ማንኪያ ቢቀርም አይገባም። ከዚያ ለሸኚው ይደወላል፤ «ሳትርቅ ተመለስ!» ሰልፉ በሙሉ ሸኚውን ይጠብቃል። ያው ቅቤ አፈ ሰፊ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ሲቀልጥ እንዳይገነፍል ሁለት ጣት ቦታ ተትቶለት፣ ከክዳኑ ሥር ላስቲክ ተደርጎለት በሚጫነው ሻንጣ ቢሄድ እዚህ ፍተሻ ላይ ማንም ባልነካው ነበር። ግን እኛ ምን እናይ ነበር?

ፓወር ባንክ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ የሚወሽቀው ግን አያስቅም። ሊቲየም ባትሪ ከተበላሸ ራሱን ያቀጣጥላል፤ ጭነት ክፍል ውስጥ ማን ገብቶ ያጥፋው? በእጅ ያዘው! ባለ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከተፈቀደው 100 በታች ነው፤ ማን ከለከለህ? ከጎንህ ሕፃን የታቀፈች እናት ተሳፍራለች እኮ!

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናችን እንመለስ። አርበኛው በመጨረሻ አለፈ። አሁን እዚያው ትሪ መውጫው ላይ ቆሞ፣ በእርጋታ፣ ጫማውን እያሰረ ነው። ከኋላው ትሪዎቹ ተገፋፍተው የአንዷ ላፕቶፕ ጠርዝ ላይ ደርሷል። አሁን ደግሞ ግራውን ጀመረ።